በእርሳስ የሚበራ ቤት

ባለፈው ጥቅምት አክስቴን ልጠይቃቸው ከሐይቅ ተነሥቼ በውጫሌ በኩል ወደ አምባሰል ደጋ ወጣሁ። ሐይቅ ከተማ መብራት አላት፤ አክስቴ ሰፈር ግን የመብራት ምሰሶ አልደረሰም። እሳቸው ቤት መብራት ማለት ከሁለት ዓመት በፊት ገዝቼ የላክሁላቸው ሶላር ነው።

ስገባ ያገኘሁት ግን ኩራዝ ነው። ዘንድሮ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የምትወስደው የልጅ ልጃቸው ጭሱ እያስለቀሳት ደብተሯ ላይ አጎንብሳለች።

«ሶላሩስ?» አልኩ።

«እሱማ ከደከመ ቆየ። ቀን ሙሉ ሲሞላ ውሎ ማታ ራት ሳይቀርብ ጭልም! ድንጋዩ ቢሞቅ ይበረታል ብዬ ቆርቆሮ ላይ ሳሰጣው ነው የምውል፤ ወይ ፍንክች!»

ሳቄ መጣ። ልማዱን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆነን የአባቴ ሬዲዮ ድምፁ ሲሰልል ባትሪ ድንጋዩን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር፤ እውነትም ጥቂት ይበረታል። ጨርሶ ሲሞት ደግሞ ሰብረን ከመሐሉ የምናወጣውን ጥቁር ዘንግ ግድግዳ ላይ እንጽፍበታለን። ችግሩ ያ ለሬዲዮ ድንጋይ የሠራው ዘዴ የሶላሩን ባትሪ መግደሉ ነው።

በማግሥቱ መብራቱን ይዤ ሐይቅ ወደሚገኝ ሞባይል ጠጋኝ ወረድኩ። ወጣቱ በመፍቻ ከፈተውና አውራ ጣት የምታህል ባትሪ አወጣ። «ጋሼ፣ ፓኔሉ ደህና ነው፣ አምፖሉም ደህና ነው። የሞተው ባትሪው ብቻ ነው። ሰው ግን ሙሉውን ነው የሚጥለው» አለኝ።

ምን ሆኖ ሞተ? መልሱ ያለው ልጅቷ በምትጽፍበት እርሳስ ውስጥ ነው።

በአማርኛ «እርሳስ» የምንለው ሁለት ነገር አለ። በተለመደው የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ከባድ ብረት እርሳስ ነው፤ ተማሪ የሚጽፍበትም እርሳስ ነው። በተማሪው እርሳስ ውስጥ ግን ብረቱ የለም፤ ያለው ከሸክላ አፈር ጋር የተዋሐደ ግራፋይት ነው። የሞባይላችንና የአብዛኞቹ አዳዲስ ሶላሮች ባትሪም አንዱ ጎኑ የሚሠራው ከዚሁ ግራፋይት ነው።

ግራፋይት ካርቦን ሲሆን በመሶብ እንደተደራረበ እንጀራ ንብርብር ነው። እያንዳንዱ ንብርብር ለራሱ ጠንካራ ነው፤ እርስ በርስ ግን የተያያዘው በላላ ጉልበት ነው። ወረቀት ላይ የሚጽፈውም ንብርብሩ እየተንሸራተተ ስለሚቀር ነው። ባትሪው ሲሞላ የሊቲየም አዮኖች ከሌላኛው ጎን ተነሥተው በፈሳሹ ውስጥ ይሻገሩና በእነዚህ ንብርብሮች መሐል ይገባሉ። ጢም ብሎ ሲሞላ ለስድስት የካርቦን አቶም አንድ ሊቲየም ይደርሳል፤ ግራፋይቱም 10 በመቶ ያህል ያብጣል። መብራቱን ስናበራ አዮኖቹ ወደመጡበት ይመለሳሉ፤ ኤሌክትሮኖቹ ደግሞ በሽቦው ዞረው አምፖሉን ያበራሉ።

ሊቃውንቱ ይህን መግባትና መውጣት ኢንተርካሌሽን ይሉታል። እንግዳው ቤቱን ሳያፈርስ ገብቶ ስለሚወጣ ባትሪው በመቶዎች፣ አንዳንዱም በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይሞላል። የሬዲዮው ድንጋይ ግን የገዛ ዚንኩን እየበላ ነው የሚሠራው፤ አንዴ ካለቀ አለቀ።

ሊቲየም በባትሪ ውስጥ ግራፋይት መሐል ገብቶ መውጣት እንደሚችል ያሳየው አፍሪካዊ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ራሺድ ያዛሚ ይባላል፤ የሞሮኮዋ ፌዝ ተወላጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ፈረንሳይ ግሬኖብል ውስጥ ሲመራመር የዘመኑ ፈሳሾች ከሊቲየሙ ጋር አብረው እየገቡ ግራፋይቱን ይልጡት ነበር። እሱ በፈሳሽ ፋንታ ጠጣር ፖሊመር ተጠቅሞ ነገሩ እንደሚቻል አሳየ። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 የሊቲየም አዮን ባትሪን ለገበያ አቀረበ። ያዛሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር የድሬፐር ሽልማትን ተቀበለ። የ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ግን ለጉዴናፍ፣ ለዊቲንግሃምና ለዮሺኖ ሄደ።

ወደ አክስቴ ባትሪ ልመለስ። ባትሪው ገና ሲሞላ ፈሳሹ ከግራፋይቱ ጋር ይነካካና ስስ ቆዳ ይሠራል። ቆዳው ጠባቂ ነው፤ ሊቲየሙን ያሳልፋል፣ ፈሳሹን ይከለክላል። ሙቀት ሲበዛበት ግን እየወፈረ ይሄዳል፤ በወፈረ ቁጥር የሚይዘው ሊቲየም ወደ ሥራ አይመለስም። ከሰዓት በኋላ የጋለ ቆርቆሮ ላይ የሚሰጣ ባትሪ የሚደርስበት ይኸው ነው። ውርጭም ሌላ ጠላት ነው። በጣም በቀዘቀዘ ማለዳ ሲሞላ አዮኖቹ መግባት ያቅታቸውና ግራፋይቱ ላይ ብረት ሆነው ይጋገራሉ።

ስለዚህ ፓኔሉን ፀሐይ፣ መብራቱን ጥላ። ሽቦው ለዚህ ነው የረዘመው። ባትሪ ሲቀየርም ዓይነቱና ቮልቱ ከድሮው ጋር አንድ ይሁን። ያበጠ ባትሪ አይወጋ፣ አይሞላ፣ እሳት ውስጥም አይጣል።

መብራቱን የሸጠልኝ ሰው ግን ይህን ሁሉ አልነገረኝም፤ መለዋወጫ ባትሪም አልነበረውም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በርክተዋል። በአንዱ መኪና ውስጥ ብዙ አሥር ኪሎ ግራፋይት አለ። ሐይቅ ላይ በራሱ ጥረት ሙያውን የተማረው ያ ልጅና መሰሎቹ ወግ ያለው ሥልጠና ካላገኙ፣ ነገ የምንጥለው የእጅ መብራት ብቻ አይሆንም።

አዲሱ ባትሪ የአዲስ መብራት ዋጋ ሩቡን እንኳ አልፈጀም። ማታ ቤቱ ቦግ ሲል ልጅቷ ኩራዙን እፍ ብላ አጠፋችው። ለአክስቴ የጥላውን ነገር ደጋግሜ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ፤

«እንግዲህ ድንጋይም ጥላ ይወዳል በለኛ!»