ተጠግኖ የባሰ የጋለው ምጣድ

ከሚሴ ውስጥ በመብራት የሚጋገር እንጀራ ሁሉ የተቃውሞ ሥራ ነው። ከሸክላው ሥር በተቀረጸው ቦይ ውስጥ ተጠምዝዞ የተኛው ሽቦ ኤሌክትሪኩን እንደ ልቡ አያሳልፈውም፤ ያስቸግረዋል፤ በዚያ ትግል የሚጠፋው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ወደ ምጣዱ ይወጣል። ስለ ኤሌክትሪክ ሲወራ ግን ሰው የሚያነሣው ቮልቱን ነው፤ ቢበዛ የቆጣሪውን ሂሳብ። ተቃውሞን (ሬዚስታንስን) የሚያነሣ ቢገኝም እንደ ጉድለት ነው የሚቆጥረው። እኔ ደግሞ ቤት ያስተዳደረ ሰው ሁሉ ከማንም በፊት ሊያውቀው የሚገባ እሱን ነው እላለሁ።

መነሻው አጭር ነው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 እንዳሳተመው፣ ቮልቱን ለተቃውሞው ስናካፍለው የሚያልፈውን ከረንት እናገኛለን። ሽቦ ሲረዝም ተቃውሞው ይጨምራል፣ ሲወፍር ይቀንሳል። የቀረውን የሚወስነው የተሠራበት ነገር ነው። በማስተላለፍ ብር አንደኛ ነው፤ መዳብ ይከተለዋል። አሉሚኒየም በእኩል ውፍረት የመዳብን 60 በመቶ ያህል ብቻ ቢያስተላልፍም ቀላልና ርካሽ ስለሆነ በየምሰሶው የተዘረጋው እሱ ነው። ደረቅ ሸክላ፣ ብርጭቆና ፕላስቲክ አያሳልፉም ማለት ይቻላል።

የምጣዱ ሽቦ ኒክሮም ይባላል፤ ኒኬልና ክሮሚየም አንድ ላይ ቀልጠው የሚሠሩት ነው። አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1906 የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ ሽቦ ተቃውሞው ከመዳብ ከ60 እጥፍ ይበልጣል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ፍም መስሎ እየቀላ ዓመታት መቆየቱ ነው። ክሮሚየሙ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ያበጅና ውስጡን አየር እንዳይበላው ይከላከልለታል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። ከሚሴ ውስጥ አንዲት እናት ምጣዳቸውን እያሳዩ፣ «ልጄ፣ ሽቦው ከተጠገነ ወዲህ ወላሂ ከአዲሱም ይሻላል፤ ሊጡን ከማቅረቤ ግሎ ይጠብቀኛል» አሉኝ። ደስታቸው እውነት ነበር፤ ምጣዱም እንዳሉት ይግል ነበር። ስፒናውን ነቅዬ ሳየው ግን ከአንዱ እግር ዙሪያ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ አብጧል፤ የተቃጠለ ሽታም ነበረው።

ብዙ ሰው «ተቃውሞው በበዛ ቁጥር ሙቀቱ ይበዛል፤ ተቆርጦ የተቀጠለ ሽቦ ደግሞ ደካማ ነው» ብሎ ያምናል። ቤታችን የሚገባው መብራት 220 ቮልት ሆኖ ስለሚቆይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። 3,500 ዋት የሚባል ምጣድ ተቃውሞው 13.8 ኦም ገደማ፣ የሚስበው ከረንት ደግሞ 16 አምፔር ያህል ነው። ሽቦው ሲበጠስ ጠጋኙ የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጦ ይጥልና የቀረውን ስቦ ያጣምረዋል። በዚህ መካከል ከርዝመቱ አንድ አሥረኛው ጠፋ እንበል። ተቃውሞው ወደ 12.4 ኦም ይወርዳል፣ ከረንቱ ወደ 17.7 አምፔር ይወጣል፣ ምጣዱም 3,900 ዋት መብላት ይጀምራል። ያንን ሁሉ የሚሸከመው ግን ያጠረ ሽቦ ነው፤ እያንዳንዱ ስንዝር ከቀድሞው ሩብ ያህል የሚጠጋ ተጨማሪ ሙቀት ይወድቅበታል። ስለዚህ በቅርቡ እንደገና ይበጠሳል፤ እንደገና ይቆረጣል፤ እንደገና ያጥራል። ሶኬቱና ስፒናው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተሠሩት ለ16 አምፔር ነው።

ሌላው መዘዝ መጋጠሚያው ነው። በእጅ ተጠምዝዞ የተተወ ቅጥል፣ የላላ ብሎን ወይም የላላ ሶኬት ግማሽ ኦም እንኳ ቢኖረው፣ 16 አምፔር ሲያልፍበት ከ120 ዋት በላይ ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይፈልቃል። የ100 ዋት አምፖል ጣት በምታህል ፕላስቲክ ውስጥ እንደማብራት ነው። ብሬከሩ ይህን አያይም፤ ከረንቱ ከልክ አላለፈምና። መዳብና አሉሚኒየም አጣምረው በፕላስተር ብቻ የሚጠቀልሉ ሰዎችን ደግሞ መገሠጽ አለብኝ። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ላዩ ላይ የማያስተላልፍ ሽፋን ያወጣል፤ ሁለቱ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ እኩል ስለማይለጠጡም ቅጥሉ እየላላ ይሄዳል። ለሁለቱ ተብሎ የተሠራ ባለብሎን ማያያዣ አለ፤ እሱን ግዙ። የስፒናችሁንም ብሎን አልፎ አልፎ፣ ከሶኬቱ ነቅላችሁ፣ በካቻቢቴ አጥብቁ።

ከጎረቤት ቆጣሪ በቀጭን ገመድ ለሚስቡ አንድ ነገር ብቻ ልበል። 100 ሜትር የሚርቅ ቤት ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ ዘርግቶ ምጣድ ሲሰካ 20 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። እንጀራው ዘግይቶ ይበስላል፤ ገመዱን ለማሞቅ ግን ቆጣሪው ቆጥሯል።

ምጣድ የሚነዝረውስ ለምንድን ነው? ሸክላው ደረቅ ሲሆን ጥሩ ከልካይ ነው፤ ባዶው ሽቦ በቀጥታ እሱ ላይ መተኛቱም ለዚህ ነው። ሲሰነጠቅና ሊጥ ሲገባበት ግን መንገድ ይከፈታል። ንጹሕ ውሃ ራሱ ደካማ አስተላላፊ ነው፤ የሚያስተላልፈው በውስጡ የሟሟው ጨው ነው፤ ሊጥ ደግሞ ጨውም አሲድም አለው። ስለዚህ የተሰነጠቀን ምጣድ ደጋግሞ ማሟሸት መፍትሔ አይሆንም፤ መለወጥ ነው።

ያመለጠው ከረንት በሰው በኩል እንዳያልፍ ምጣዱ ሥር ያለው ብረት ከግራውንድ፣ ማለትም መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር መያያዝ አለበት። እዚህ ላይ የከሚሴ አካባቢዋ የጨፋ ሸለቆ የራሷ ጠባይ አላት። የቦርከና ወንዝ የሚያረጥበው የሸለቆው ጥቁር ኮቲቻ አፈር ውሃና የሟሟ ማዕድን ስለሚይዝ፣ የተቀበረ ዘንግ በቀላሉ ከረንት ያስተላልፍበታል። ዳገቱ ላይ፣ ድንጋያማው መሬት ዘንድ፣ ያው ዘንግ ተቃውሞው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ኮቲቻውም ቢሆን የአፋር ከብቶች ለግጦሽ በሚመጡበት በጋ፣ ውሃው በሸሸበት ዳርቻ ላይ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ከዘንጉ ይለያል። ስለዚህ ዘንጉ ከሚሰነጠቀው ንብርብር አልፎ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ እስከሆነው አፈር ድረስ መውረድ አለበት፤ ተቃውሞውም በክረምት ሳይሆን በበጋ ድርቅ ይለካ።