በክረምት መብራት ሲቋረጥ የምድር ውስጥ መጋዘንን ከውሃ ስለ መጠበቅ

በደጋው አገራችን የሚነግድ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ብርቱ ዝናብና የመብራት መቋረጥ ብዙ ጊዜ ተያይዘው ይመጣሉ። ነፋስና መብረቅ ምሰሶውንና ሽቦውን በሚመቱበት በዚያው ሰዓት ውሃው ከጣራውና ከመንገዱ ተሰብስቦ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወርዳል። ዝቅተኛው ስፍራ ከሱቁ ሥር የተቆፈረው መጋዘን የሆነ እንደሆነ፥ ውሃውን ስቦ ወደ ውጭ የሚያፈሰው የኤሌክትሪክ ፓምፕ እጅግ በሚፈለግበት ጊዜ ዝም ይላል። ስኳሩ ይቀልጣል፥ ሲሚንቶው ይጋገራል፥ ጨርቁ ይሻግታል፤ ዕዳው ግን እንዳለ ይቆያል።

የላስታ ሰዎች ይህን ጉዳይ ያለ ፓምፕ የፈቱት ከ800 ዓመት በፊት ነው። ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈሉት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ ናቸው፤ ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንበው ዝናብ መውጫ ባያገኝ ኖሮ እያንዳንዱ ቅጥር ግቢ ኩሬ ይሆን ነበር። ጠራቢዎቹ ግን ግቢዎቹን የሚያገናኙትን ቦዮች ለሰው መተላለፊያ ብቻ አላደረጓቸውም፤ ውሃው በራሱ ክብደት ቁልቁል እንዲሄድ የማፋሰሻ መንገድ ጭምር ጠርበውለታል። በእርግጥ ዓለቱ ራሱ ከእርጥበት አላመለጠም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ትልልቅ መጠለያዎች የተሠሩት ስለዚሁ ነው። ቢሆንም ቦዩ መብራት አይጠይቅም፥ ነዳጅም አይጠጣም።

ስለዚህ በላሊበላም ሆነ በሌላ ተዳፋት ከተማ መጋዘን ያለው ነጋዴ ገንዘቡን ለማሽን ከማውጣቱ በፊት ቦታውን በገመድና በውሃ ልክ ያስለካ። የመጋዘኑ ወለል ከመሬት በታች 2.5 ሜትር ቢሆንና የቦታው ቁልቁለት በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ቢወርድ፥ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ እያዘነበለ የተቀበረ ቧንቧ 28 ሜትር ያህል ሄዶ ከመሬት በላይ ይወጣል። ይህ የጥቂት ቀን ቁፋሮ ነው። አፉ አይጥ እንዳይገባበት በወንፊት ሽቦ ይሸፈን፤ ከጎረቤት ግድግዳ ሥርም አይፍሰስ፥ አለዚያ ነገሩ ከውሃ ወደ ፍርድ ቤት ይዞራል።

ቦታው ሜዳ ሆኖ ቧንቧው መውጫ ለሚያጣበት፥ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ሜዳማ ሰፈሮች፥ ፓምፑ ግድ ነው። እንግዲህ ስሌቱን እንመልከት። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 4,000 ሊትር ይሆናል፤ ይህም 20 በርሜል ማለት ነው። ስለሆነም የመጀመሪያው ሥራ የጣራውን ውሃ በአሸንዳ አርቆ መውሰድ ነው። ይህን ሳያደርጉ ፓምፕ መግዛት በተቀደደ አቁማዳ እህል እንደ መስፈር ነው። ያ ሁሉ ውሃ ወደ ጉድጓዱ ቢገባ እንኳ በደቂቃ 100 ሊትር የሚያወጣ ባለ 500 ዋት ፓምፕ በ40 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ባለ 12 ቮልትና ባለ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀምበት፥ በኢንቨርተሩ የሚባክነው ተቀንሶ፥ ያንኑ ፓምፕ ለአንድ ሰዓት ያህል ያሠራል። ለአንድ ሌሊት ዝናብ አንድ ባትሪ በቂ መሆኑን ብዙዎች አይገምቱም። ነገር ግን ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል ስለሚስብ ኢንቨርተሩ በ500 ዋት ልክ የተገዛ እንደሆነ ገና ሲነሣ ያቆማል።

በአሜሪካ አገር በቧንቧ ውሃ ግፊት የሚሠራ መጠባበቂያ ፓምፕ ይሸጣል። ለእኛ ብዙም አይጠቅምም፤ በብዙ ከተሞቻችን መብራት ሲጠፋ የቧንቧውም ውሃ አብሮ ይጠፋልና።

ጄኔሬተር የሚገዛ ደግሞ ከፍታውን አይርሳ። በማሽኑ ላይ የተጻፈው ኃይል ለባሕር ወለል የተለካ ነው፤ አየሩ በሚሳሳበት ደጋ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከመቶ 1 እጅ ያህል ያጣል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ላሊበላ ባለ 2 ኪሎ ዋቱ 1.5 ቢሰጥ ነው። አስመጪዎቻችን ይህን ለገዢው አስቀድመው ቢነግሩት ከብዙ ክርክር ይድኑ ነበር። ማሽኑን ከመጋዘኑ ውስጥ ማሠራት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ሽታ የሌለው ጭስ ጠባቂውን በተኛበት ይገድላል። ያለ መለወጫ ማብሪያ ከቤቱ መስመር ጋር ማገናኘትም ሽቦ የሚጠግነውን ሠራተኛ ይገድላል።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ ከተማይቱ ለብዙ ወራት ያለ ኤሌክትሪክ ኖራለች። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ባትሪም ነዳጅም አይዘልቅም፤ በቁልቁለቱ የተቀበረው ቧንቧ ግን ይሠራል።

ከዚህ ሌላ አንድ ትንሽ ነገር አለ። እኔ በምጽፍበት መጋዘን አንድ ክረምት መብራቱ ሳይጠፋ ውሃ ሞላ። ምክንያቱ ሲፈለግ፥ ፓምፑን የሚያስነሣውን ተንሳፋፊ ማብሪያ ከጆንያ የተመዘዘ ክር ጠልፎት ተገኘ። ይህ ማብሪያና ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ከፓምፑ ሁሉ ቀድመው የሚበላሹ ዕቃዎች ሲሆኑ፥ በክፍለ ሀገር ገበያ ለብቻቸው ማግኘት ያስቸግራል። ፓምፕ የሚያስመጣ ነጋዴ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ አንድ መለዋወጫ ቢጨምር ዋጋው ጥቂት፥ ደንበኛውም ቋሚ ይሆንለታል። ባለ ሱቁም በግንቦት ወር ሁለት ባልዲ ውሃ ወደ ጉድጓዱ አፍስሶ፥ የመስመሩን መብራት አጥፍቶ፥ ፓምፑ በባትሪው መነሣቱን በዓይኑ ይይ።