ኦርኪድን በሥሩ ፈልጉት

ሙያዬ አስጎብኚነት ነው። ከቦንጋ ወጥተን ወደ ከፋ ጫካ ስንገባ የእንግዶቼ ዓይን ጉሬዛና ወፍ ይፈልጋል። እኔ ግን ያረጀ ዋንዛ ወይም ሰሳ ሳገኝ አስቆማቸውና ቅርንጫፉን ቀና ብለው እንዲያዩ እጠይቃለሁ። አበባውን ሳይሆን ሥሩን ፈልጉ እላቸዋለሁ። የኦርኪድ አበባ ወቅት ጠብቆ ይመጣል፣ ይረግፋል፤ ሥሩ ግን ዓመቱን ሙሉ ቅርፊቱ ላይ ተጣብቆ ይታያል። ሲደርቅ ብርማ ነጭ ነው፤ ውኃ ሲነካው አረንጓዴ ይሆናል።

ብዙ ሰው ኦርኪድ ዛፉን የሚመጥ ጥገኛ ይመስለዋል። አይደለም። ዛፉ ማረፊያው ብቻ ነው፤ ውኃውን ከዝናብና ከጉም፣ ምግቡን ቅርፊቱ ላይ ከሚበሰብሰው ቅጠል ያገኛል።

በአገራችን ከ160 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሴው ከሁለት የውጭ ባለሙያዎች ጋር መለያ መጽሐፍ አዘጋጅተውላቸዋል። ሁሉም ዛፍ ላይ አይወጡም። ሣር ሜዳና ረግረግ ዳር የሚበቅሉት ብዙዎቹ የሚያብቡት በክረምት ነውና ቦቲ ጫማ አድርጎ ጎንበስ ብሎ የሄደ ያገኛቸዋል።

እኔ ከሁሉም የምሳሳለት ኤራንጊስ ለሚባለው ወገን ነው። አበባው ነጭ ኮከብ ይመስላል፤ ከጀርባው ቀጭን ረጅም ቱቦ ይንጠለጠላል፤ ወለላው ያለው ቱቦው ግርጌ ነው። ጠረኑ የሚያውደው ሲመሽ ነው፤ ያን ጊዜ ምላሰ ረጅም የእሳት እራት መጥታ ወለላውን ስትጠጣ የአበባውን ብናኝ ይዛ ትሄዳለች። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1862 የዚህን አበባ የማዳጋስካር ዘመድ አይቶ፣ ቱቦውን የሚመጥን ምላስ ያላት የእሳት እራት መኖር አለባት ብሎ ነበር፤ ሳይንቲስቶች እሷን የገለጹት እሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1903 ነው።

የኦርኪድ ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀ፣ ስንቅ የሌለው ነው። የሚስማማውን ፈንገስ ካላገኘ ጫካ ውስጥ አይበቅልም። ለዚህ ሻካራና እርጥበት የሚይዝ ያረጀ ቅርፊት ያስፈልጋል፤ ቡናው ፀሐይ ያግኝ ተብሎ አሮጌ ዛፍ ሲቆረጥ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። በምትኩ የተተከለው ችግኝ እንደዚያ ያለ ቅርፊት እስኪያወጣ ዕድሜ ይወስዳል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ከፋን የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ መዝግቧል፤ ዛፎቹን የሚጠብቀው ግን የሰው እጅ ነው።

ስትመጡ ባይኖኩላር ያዙ። ነፋስ የጣለው ቅርንጫፍ ካጋጠማችሁ ቁጭ ብላችሁ በቅርብ እዩት፤ ከላይ የማይደረስበትን ያሳያችኋል። ነቅላችሁ ግን ወደ ቤት አትውሰዱ፤ የጫካው ጉም ሳሎን ውስጥ የለም። ፎቶውን ለወዳጆቻችሁ አሳዩ፤ ዛፉ ያለበትን ቦታ ግን ነቃይ እንዳይመጣበት ፌስቡክ ላይ አትጻፉ።