አዲስ ተውኔት ሞልቷል፤ የጠፋው የልምምድ ጊዜና መድረክ ነው

ዛሬ ለአንድ በዓል መሰናዶ በተጠራ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ «በእኛ አካባቢ ተውኔት የሚጽፍ የለም፤ የነበረውም ተሠርቶ አልቋል» ብለው ደመደሙ። ተሰብሳቢው ራሱን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። ይኸው ወሬ በየቻናሉ ሲዞር ከርሟል፤ አሁን ደግሞ በቃለ ጉባኤ ሊሰፍር ነው። ዝም ብዬ ማደር አልቻልኩም።

ሐሰት ነው። ሥራዬ ተውኔት ማዘጋጀት ነው፤ የወጣቶችን ጽሑፍ አነባለሁ። ከጫኖ፣ ከአርባ ምንጭና ከደጋው ጋሞ የመጡ፣ ሙሉ ዝግጅት የሚገባቸው ተውኔቶች እጄ ላይ አሉ። ርእሳቸውንና የደራሲዎቹን ስም የማልጠቅሰው ገና ስላልተመዘገቡ ነው። ፍሬ ነገራቸውን ግን ደራሲዎቹ ፈቅደውልኛል፤ ልዘርዝር።

1. የሙዙ ተውኔት። ባለ ሁለት ገቢር፣ አራት ተዋንያን። ቦታው ጫኖ፣ ወደ ሶዶ የሚወስደው አስፋልት ዳር። ሙዙ ተቆርጦ ተከምሯል፣ አይሱዙው ቀርቷል፣ ደላላው ስልክ አያነሳም። እናትና ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃሉ፤ ደላላው ባነሳ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። መድረኩ መሃል ሚዛን ተሰቅሏል፣ እስከ መጨረሻው ትዕይንት ማንም አይነካውም። ሊነጋጋ ሲል ልጁ ተነሥቶ የደብተር ቦርሳውን ይሰቅልበታል። ቃል የለም። እናትየው ቁጥሩን ታነባለች፣ መብራት ይጠፋል። አዲስ አበባ ላይ ሙዝ የሚበላ ሁሉ ሊያየው የሚገባ ተውኔት ነው። የሚፈልገው ዕቃ ደግሞ ሙዝና ሚዛን ብቻ ነው።

2. የሸማኔው ልጅ። ከዶርዜ በኩል «ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ» ተብሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የተወሰደ ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ ከአሠሪው ጋር በአማርኛ፣ ከእናቱ ጋር በስልክ በጋሞኛ ይናገራል። በሁለተኛው ገቢር ውስጥ አንድም ቃለ ተውኔት የሌለበት ረጅም ትዕይንት አለ። ልጁ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ ይሸምናል፤ የሚሰማው የመወርወሪያው ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁ እየፈጠነ ይሄዳል፣ ከዚያ ድሩ ይበጠሳል፣ ልጁ በሩን በሩን ያያል። እንዲህ የሚጽፍ ሰው መድረክ ያውቃል።

«ተሠርቷል» የተባለው ይህ ተውኔት ነው። እንዴት እንደተሠራ ልንገራችሁ።

ከአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ፤ የሕፃናትን ዝውውር ለመከላከል የንቅናቄ መድረክ ስላለ «አጭር ድራማ አቅርቡ» የሚል። ደራሲው ዕድል መስሎት ሙሉ ጽሑፉን ሰጠ። 15 ደቂቃ ይሁን ተባለ። ጋሞኛው ይውጣ፣ እንግዶች አይሰሙትም ተባለ። ቃል የሌለበት ትዕይንት «ሰው ይሰለቻል» ተብሎ ተቆረጠ። መጨረሻው ላይ ፖሊስ ገብቶ ደላላውን ይያዝ፣ አንዱ ገጸ ባሕርይ ወደ ተመልካች ዞሮ መልእክት ያስተላልፍ ተባለ። ተዋንያኑ በሁለት ንግግሮች መካከል ገብተው አንድ ማይክ እየተቀባበሉ ተጫወቱ። ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ሪፖርት ተጻፈ። ከዚያ ወዲያ ደራሲው ደጅ በጠና ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ «ያንተማ ተሠርቷል»።

አልተሠራም! ያንን ትዕይንት ለመሥራት ተዋናዩ መሸመን መማር አለበት። መወርወሪያውን ሳያይ መወርወር፣ ክሩ ሲላላ በእግሩ ጣት ማወቅ አለበት። ይህ የሳምንታት ልምምድ ነው። የድምፅና የመብራት ባለሙያው ከተዋናዩ እጅ ጋር መስማማት አለባቸው። ከዚያ በኋላ ተውኔቱ ትኬት በቆረጠ ሕዝብ ፊት ደጋግሞ መታየት አለበት፤ ደራሲ የት እንደደከመ የሚያውቀው በተመልካች ፊት ነው። ለቅስቀሳ የሚሆን አጭር ድራማ አልጠላም፤ ጥቅም አለው። ግን ለዚያ የሚሆነውን አስጽፉ። ለሙሉ ምሽት የተጻፈን ሥራ ቆራርጣችሁ ካበቃችሁ በኋላ ደራሲ ጠፋ አትበሉ።

ሦስተኛው ተውኔት በ2011 መስከረም ላይ በሆነው ነገር የተመሠረተ ነው። ቡራዩ ላይ ወገኖቻችን ሲገደሉ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ወጣ፤ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ፣ ወጣቱም ተመለሰ። ይህን አገር ያውቀዋል። የዚህ ተውኔት ደራሲ ግን የጻፈችው ሣሩን አልፎ መሄድ አቅቶት ለበቀል ያነሣውን ድንጋይ ይዞ ቤቱ ስለገባው ወጣት ነው። ወንድሙን ቀብሯል፣ እናቱ ቡና አፍልታለች፣ ድንጋዩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሽማግሌዎቹን ሳታቃልል ይቅርታ የገዛ ቤቱ ውስጥ ስንት እንደሚያስከፍል ታሳያለች። ያነበበው አንድ ገምጋሚ «ገጽታ ያበላሻል» አለ። ሽማግሌዎቹ ያቆሙትን ቁጣ ትልቅነት ካላሳየን የሠሩትን ሥራ ታላቅነት በምን እናሳያለን?

አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ «ሙሉ ዝግጅት ሚሊዮን ይጠይቃል» ብሎ ጽፏል። ይህም ስሕተት ነው። በረከት በላይነህ የጻፈውን «እያዩ ፈንገስ» የተባለ ተውኔት ግሩም ዘነበ ብቻውን ተጫውቶት ከአዲስ አበባ አልፎ ክፍለ ሀገርና ውጭ አገር ድረስ ሕዝብ አይቶታል። ኬንያ ውስጥ ሊሙሩ አጠገብ ካሚሪቱ የምትባል መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ1977 ገበሬውና የፋብሪካ ሠራተኛው ሜዳ ላይ መድረክ በእጁ ሠርቶ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ በኪኩዩ የጻፉትን ተውኔት አሳየ። መንግሥት ከሳምንታት በኋላ ከለከለው፣ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎንም አሠረው፤ ኋላም መድረኩን አፈረሰው። ተውኔቱ ጉልበት ባይኖረው ማን ይፈራው ነበር? 

ደግሞ መዋቅሩን እዩት። ሀገር ፍቅር በ1927 ተመሠረተ፣ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ተከፈተ። ራስ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሕፃናትና ወጣቶች፤ አንጋፋዎቹ ቴአትር ቤቶች ሁሉ አዲስ አበባ ናቸው። የጫኖ ደራሲ ጽሑፉን ይዞ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዶ፣ አስገብቶ፣ ተራ ጠብቆ፣ «እናሳውቅሃለን» ተብሎ ይመለሳል። እዚህ ደግሞ አዳራሹ የሥልጠናና የስብሰባ ነው። ለልምምድ ሲጠየቅ ቁልፍ የያዘው ሰው ሁልጊዜ መስክ ወጥቷል። ለአንድ ቀን በዓል ባነር የሚወጣው ገንዘብ የአንድ ተውኔት አልባሳት ይሸፍናል፤ በጀት የለም የሚለውን መልስ ከእንግዲህ አልቀበልም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ሦስቱም ሳይቆረጡ ይሠሩ። የሙዙ ተውኔት ጫኖ ላይ፣ አምራቹ ባለበት ይከፈት። ሦስተኛው ሽማግሌዎቹ በተንበረከኩባት አርባ ምንጭ ይታይ። የሸማኔው ልጅ ደግሞ ለዮ ማስቃላ በዓል፣ ሸማኔው ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ በሚመለስበት ሰሞን፣ በሁለቱም ቋንቋ ይቅረብ። ለዚያ ልምምዱ ሰኔ ላይ መጀመር አለበት። ማምሻውን ባዶ የሚያድር ክፍል፣ የሚሠራ የሸማ ዕቃ ወይም ትርፍ የመድረክ መብራት ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አዳራሽ በእጃችሁ ያለ ኃላፊዎች ደግሞ ሙሉ ጽሑፉን ልስጣችሁና እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡት፤ ከዚያ በኋላ ጸሐፊ አለ የለም እንነጋገር።