የባትሪው ሦስተኛ ፒን፦ ስለ ቴርሚስተር ተረትና እውነታ

ተረት፦ «ሦስተኛው ፒን ትርፍ ነው። ስልኩ ቻርጅ አልቀበል ካለ ሬዚስተር በይደህ እለፈው።»

ይህ ምክር የኢትዮጵያውያን ሱቆች በሞሉበት በጆሃንስበርጉ ጄፒ ጎዳና (ዛሬ በይፋ ራሂማ ሙሳ) ብቻ ሳይሆን ስልክ በሚጠገንበት አገር ሁሉ ይሰማል። አደገኛ ምክር ነው።

እውነታ፦ በብዙ ባትሪዎች ላይ ይህ ፒን የተያያዘው ከቴርሚስተር ጋር ነው። ቴርሚስተር በአብዛኛው ከማንጋኒዝ፣ ከኒኬልና ከኮባልት ኦክሳይድ ይሠራል። የመዳብ ሽቦ ሲግል ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ የቴርሚስተር ግን ይቀንሳል። ማይክል ፋራዳይ ይህን ባሕርይ በብር ሰልፋይድ ላይ ያየው በ1833 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነበር።

የተለመደው ዓይነት በ25 ዲግሪ 10,000 ኦም ያነባል። ቻርጅ የሚቆጣጠረው አይሲ የባትሪውን ሙቀት የሚያውቀው ከዚህ ንባብ ብቻ ነው። በቦታው ተራ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከተበየደ፣ ባትሪው 60 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ አይሲው 25 ነው ብሎ መሙላቱን ይቀጥላል። ሊቲየም ባትሪ ባብዛኛው ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ አይደረግም። ከዜሮ በታችም እንደዚያው፤ ሊቲየሙ ብረት ሆኖ አኖዱ ላይ ይለጠፍና ውሎ አድሮ ውስጡን ሾርት ሊያደርገው ይችላል። በጆሃንስበርግ ሰኔና ሐምሌ ሌሊቱ ከዜሮ የሚወርድበት ጊዜ ስላለ፣ ለመብራት መጥፋት ተብሎ ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠ የኢንቨርተር ባትሪም ቴርሚስተሩ ሊነካበት አይገባም።

ስለዚህ መበየጃውን ከማንሳት በፊት ባትሪውን ነቅሎ በፒኑና በማይነሱ መካከል በቴስተር መለካት ይሻላል። ባትሪው ወደ 25 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ንባቡ ወደ 10,000 ከተጠጋ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ባትሪው ይቀየር።

ተረት፦ «ቴርሚስተር ሲግል መብራቱን ይቆርጣል።»

ይህ የጊዘሩ ቴርሞስታት ሥራ ነው። የሙቀት መለኪያ ቴርሚስተር ሬዚስታንሱን ይለውጣል እንጂ ቆራጩ ንባቡን የሚቀበለው ክፍል ነው።

ተረት፦ «የፈላ ውሃ ውስጥ 100 ዲግሪ ካላሳየ ተበላሽቷል።»

እውነታ፦ ጆሃንስበርግ ከባሕር ጠለል 1,750 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከዚያም ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። ቤታው (ሬዚስታንሱ ከሙቀት ጋር ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚያሳየው ቁጥር) 3950 የሆነ የ10 ኪሎ ኦም ቴርሚስተር በ100 ዲግሪ 700 ኦም ገደማ ሲያነብ በ94 ግን 830 ገደማ ነው። ይህን ልዩነት አይቶ ደህናውን ዕቃ መጣል ያሳዝናል።

ከፍታ የማይለውጠው መፈተኛ በረዶ ነው። የተከሰከሰ በረዶ ከጥቂት ውሃ ጋር ይደባለቅ፤ ቴርሚስተሩ ውሃ በማያስገባ ቀጭን ላስቲክ ተጠቅልሎ መሐል ይግባ፤ ንባቡ መንቀሳቀስ እስኪያቆም ይጠበቅ። ቤታው 3950 የሆነው ደህና ከሆነ ከ32,000 እስከ 34,000 ኦም ያነባል።