ያውቁ ኖሯል? ልምሻ፣ ጡንቻና የኮዬ ፈጬ ደረጃ

ጂም ውስጥ «አሥር አሥር፣ ሦስት ዙር» የሚባለው አሠራር መነሻው የጦር ሐኪም እንደሆነስ ያውቁ ኖሯል? ቶማስ ዲሎርም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የቆሰሉ አሜሪካውያን ወታደሮችን ጉልበት በክብደት ያጠነክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ በልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) የሰለለ የጭን ጡንቻም በዚሁ መንገድ እንደሚበረታ አሳየ።

በአሥረኛው ዓመት፣ በ1958፣ ሌሎች ሐኪሞች ከልክ ያለፈ ሥራ ያንኑ ጡንቻ መልሶ እንደሚያደክመው አስጠነቀቁ። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ቫይረሱ የሚገድለው ጡንቻውን ሳይሆን ከኅብለ ሰረሰር የሚያዙትን ነርቮች ነው። የተረፉት ነርቮች የሟቾቹን ድርሻ ደርበው ይሠራሉ፤ ከ15 እስከ 40 ዓመት ቆይቶም ይዝላሉ። «ዳንኩ» ያለ ሰው በጎልማሳነቱ አዲስ ድካም የሚሰማው ለዚህ ነው።

ስለዚህ «ካላመመህ አልሠራህም» የሚለው የጂም ፉከራ በልምሻ ለሰለለ እግር አይሠራም። ጉልበት ሳያልቅ ማቆም፣ በዙሮቹ መሀል ማረፍ፣ በማግስቱ ከዛለ ወይም ካመመ መቀነስ። ስበትን አሸንፎ መነሳት ላቃተው ጡንቻ ክብደት አይታሰርም።

እንዲህ ያለ እግር ይዞ ኮዬ ፈጬ፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ሁለቴ ወጥቶ ከወረደ፣ የእግሩን የዕለት ስፖርት ጨርሷል። ማታ ቁጭ ብድግ ቢጨምር ትርፉ ድካም ነው። ሲወጡ ጠንካራው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ ደካማው፣ ከክራንቹ ጋር። ውኃ ጠፍቶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማውጣት ደግሞ 20 ኪሎ ማንሳት ነው፤ እሱን እንኳ ለጎረቤት ወጣት ይተዉት።

ለክንድ ግን ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሞልተው ቢያነሱ ግማሽ ኪሎ ነው፣ ለጀማሪ ይበቃል። ክራንች የሚይዝ ሰው የትከሻው ዕዳ ከእግሩ አያንስም።

ያነከሰ ሁሉ ፖሊዮ የያዘው አይደለም። በጎንደር ጓያ የሚያደርቀው እግር ይገተራል፤ የልምሻው ይልፈሰፈሳል። ስፖርታቸውም ይለያያል፤ ፊዚዮቴራፒስት ይለየው።

በተፈጥሮ የሚገኘው የፖሊዮ ቫይረስ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ ሰው የያዘው በጥር 2014 እ.ኤ.አ.፣ በሶማሌ ክልል ነው። አፍሪካ ከዚህ ቫይረስ ነፃ የተባለችው ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከክትባት የሚመነጨው ዓይነት ግን ከዚያም ወዲህ በአገራችን ታይቷል።

አንድ የመጨረሻ፦ የሰለለ እግር ብርድ አይችልም። ጠዋት ከመንቀሳቀስዎ በፊት ካልሲ ያጥልቁ፣ ያሙቁት።