ምዕራፍ አራት፦ የተጣደ ጀበና፤ ስለ ልብ አንጠልጣይ ፊልም መክፈቻ

ስለ ፊልም ጥበብ ለሕዝብ የሚያስረዱ ብዙዎች፣ አንድ መክፈቻ ልብን የሚያስጨንቀው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ሲጠየቁ፣ ካሜራው ከየት ተነሥቶ እስከ የት እንደ ተጓዘ፣ ስንት ደቂቃም ሳይቆረጥ እንደ ቆየ ከነገሩን በኋላ ነገሩን የፈቱት ይመስላቸዋል። ይህ የቅዳሴን ግርማ ለመግለጽ ሲሉ ካህኑ ጽና ይዞ መንበሩን ስንት ጊዜ እንደ ዞረ እንደ መቍጠር ያለ ድካም ነው። ቍጥሩ እውነት ቢሆንም ምሥጢሩ ከቍጥሩ ውስጥ የለም፤ ተማሪውም ካሜራ ማንቀሳቀስን ተምሮ ማስፈራትን ሳይማር ይቀራል።

ለዚህ ምዕራፍ የመረጥሁት ኦርሰን ዌልስ ያዘጋጀውን፣ በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ተች ኦቭ ኢቭል» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በሜክሲኮና በአሜሪካ ድንበር ላይ በምትገኝ በልብ ወለድ ከተማ ሲሆን፣ መክፈቻው የተቀረጸው ግን በካሊፎርኒያ፣ ቬኒስ በሚባለው ሠፈር ነው። ፊልሙ የሰው ፊት ከማሳየቱ በፊት እጅ ያሳየናል፤ እጆቹ ፈንጂ ይዘው የሰዓቱን መዘውር ወደ ሦስት ደቂቃ ያህል ያዞራሉ። ከሩቅ የሴት ሳቅ ይሰማል፤ ሰውዬው ዘወር ይላል፣ ይሮጣል፣ ጥላው በግድግዳው ላይ ይገዝፋል፣ ፈንጂውንም ጣራው በተከፈተ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከትቶ ጨለማ ይውጠዋል። ወዲያው አንድ ባለጸጋና አንዲት ሴት መጥተው ይገቡና ሞተሩን ያስነሣሉ። ካሜራው በክሬን ሽቅብ ይወጣል፤ መኪናው ከሕንፃ ኋላ ይሰወራል፤ ዞሮ እስኪገለጥ ድረስ እኛ ከላይ ሆነን እንጠብቀዋለን።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ አይቸኩልም። ትራፊክ ፖሊስ መኪናውን ያስቆመዋል፤ የሚገፋ ጋሪ ያልፋል፤ የፍየል መንጋ ይደነቀርበታል። በዚሁ መካከል ገና የተጋቡ ባልና ሚስት በእግራቸው ብቅ ይላሉ፤ እርሱ ቻርልተን ሄስተን የሚጫወተው ሜክሲካዊው ሹም ቫርጋስ፣ እርሷም ጃኔት ሊ የምትጫወታት አሜሪካዊት ሱዛን ናት። መኪናው አንድ ጊዜ ይቀድማቸዋል፣ አንድ ጊዜ ይቀድሙታል፤ በመጨረሻም ኬላው ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። የኬላው ሠራተኛ ከቫርጋስ ጋር ወግ ሲይዝ፣ በመኪናው ያለችው ሴት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ጭንቅላቷ ውስጥ እንደሚሰማት ትናገራለች፤ የሚያደምጣት ግን የለም። መኪናው አልፎ ከዓይናችን ይወጣል፤ ባልና ሚስቱ ሊሳሳሙ ይጠጋጋሉ፤ ያን ጊዜ ፍንዳታው ይሰማል። ከ3 ደቂቃ በላይ የቆየው ቀረጻ የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነው፤ በፊታችንም የሚነድ መኪና አለ።

ነገሩን በቤታችን ምሳሌ ላስረዳ። ጀበና ተጥዷል፤ ፍሙ በርትቷል፤ ቡና አፍዪዋ ግን የሠርግ ወሬ ይዛ ፊቷን ወደ ጎረቤቷ አዙራለች። ከምድጃው ፊት ለፊት የተቀመጥህ አንተ ብቻ አረፋው በጀበናው አንገት ሽቅብ ሲመጣ ታያለህ፤ እንዳትናገር እንግዳ ነህና ይሉኝታ ይዞሃል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የሙሽራዪቱ ጥሎሽም ሆነ የድንኳኑ ስፋት ተራ ወሬ መሆኑ ይቀርና እያንዳንዱ ቃል ቡናውን የሚያስገነፍል መዘግየት ይሆንብሃል። የልብ መሰቀል ማለት ይኸው ነው፤ ማወቅ ተሰጥቶ መቻል ሲነፈግ የሚወለድ ጭንቀት ነው። ይህንኑ የፊልም አዘጋጁ ሂችኮክ ለሙያ ባልንጀራው ለትሩፎ ሲያስረዳው፣ ከጠረጴዛ ሥር ያለ ፈንጂ ተመልካቹ ሳያውቀው ቢፈነዳ የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ብቻ እንደሚያተርፍ፣ አስቀድሞ ያወቀው እንደ ሆነ ግን የ15 ደቂቃ ጭንቀት እንደሚሰጥ ተናግሯል።

እስካሁን ያልነውን ባጭሩ ብንሰበስበው፣ በመጀመሪያ ዕውቀት ተሰጠን፣ ቀጥሎ ሥልጣን ተነፈገን፣ ከዚያም የምንወዳቸው ሰዎች ወደ አደጋው ሲቀርቡና ሲርቁ እንድናይ ተደረግን። ታዲያ አለመቆረጡ ምን ጨመረ? አርታኢ በመቀሱ ጊዜን ይዘረጋል፤ በስንቱ ፊልም ፈንጂው 10 ሰከንድ ቀርቶት ሳለ ጀግናው የትኛውን ሽቦ ልቍረጥ እያለ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሲያልበው አይተናል። ዌልስና ካሜራውን የመራው ረስል ሜቲ ግን መቀሱን ስላራቁት፣ በፊልሙ ያለው ሰዓትና በተመልካቹ ክንድ ላይ ያለው ሰዓት አንድ ሆኑ። አለመቁረጡ እንግዲህ መሐላ ነው፤ ጊዜህን አላጭበረብርም የሚል መሐላ። ኬላ ጠባቂ ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ቃሉ እየጠፋበት ሌሊቱን በሙሉ ደጋግመው ሲቀርጹ አድረው ሊነጋ ሲል የተሳካላቸውም፣ ይህን መሐላ ለመጠበቅ ሲሉ ነው።

እዚህ ላይ ልቤን የሚያቃጥል አንድ ክርክር አለ። የፊልም ኩባንያው ዩኒቨርሳል ፊልሙን ከዌልስ እጅ ወስዶ ሲያወጣው፣ በመክፈቻው ምስል ላይ የተዋንያንንና የሠራተኞችን ስም ደረደረበት፣ የሄንሪ ማንቺኒንም ሙዚቃ አለበሰው። ዌልስ በ1957 እ.ኤ.አ. ባለ 58 ገጽ ማስታወሻ ጽፎ፣ በመንገዱ ስናልፍ ከየጭፈራ ቤቱ የሚወጣው ልዩ ልዩ ዜማ ተራ በተራ እንዲሰማ ለመነ፤ ሳይሰሙት ቀሩ። በ1998 እ.ኤ.አ. ግን አርታኢው ዋልተር መርች በማስታወሻው እየተመራ ስሞቹን ወደ ፊልሙ መጨረሻ ወሰደ፣ የመንገዱንም ድምፅ መለሰ። የቀድሞውን የሚመርጡ ሰዎች አሉ፤ የማንቺኒን ከበሮ ውበት እኔም አልክድም። ነገር ግን ያ ሙዚቃ «ጀበናው ሊገነፍል ነው!» ብሎ እንደሚጮኽ ሰው ነው፤ ይሉኝታችንን ይሰብርልንና ጭንቀታችንን ያቀልልናል፤ ስም የምታነብ ዓይንም መኪናውን ትረሳለች። በመንገዱ ድምፅ ሲሆን ግን ከመኪናው ሬዲዮ የሚወጣው ዜማ መኪናው ከዓይናችን በተሰወረ ጊዜ ሳይቀር መምጣቱን ይነግረናል፤ ጆሮ ዓይንን ተክቶ ይፈራል።

ምሳሌዬም እዚህ አያበቃም። ፍሙ የፈንጂው ሰዓት ነው፤ ምድጃው ከተማዪቱ፤ የዕጣኑ ጢስ ከየቤቱ የሚወጣው ዜማ፤ ፍየሎቹ ሳይጠሩ ደርሰው ወሬውን የሚያስረዝሙ ጎረቤቶች፤ ኬላው የጀበናው ጠባብ አንገት። ቡናው ከገነፈለ በኋላ ደግሞ አቦሉ የወንጀሉ ምርመራ ነው፤ ቶናው የሱዛን መከራ፤ ዌልስ ራሱ የሚጫወተው፣ በተጠርጣሪዎች ላይ የሐሰት ማስረጃ የሚያስቀምጠው ሻምበል ኩዊንላን የሚወድቅበት ፍጻሜ በረካው ነው። ሙሽሮቹ ሊሳሳሙ ሲሉ የተቋረጠው ነገርም ፊልሙ እስኪፈጸም ድረስ ለያይቷቸው ይኖራል፤ የገነፈለ ቡና ወደ ጀበናው አይመለስምና።

አንድ ጊዜ ይህን መክፈቻ ለተማሪዎች ሳሳይ፣ አንድ ልጅ ፈንጂው ከተቀመጠ በኋላ ዘግይቶ ገባና ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ጓደኞቹ ወንበራቸውን ጨብጠው ሳለ እርሱ ወደ ጎኑ ጠጋ ብሎ፣ «ይህ ሁሉ የእግር ጉዞ ለምንድን ነው?» ሲል ሰማሁት። ምስሉ አንድ፣ ካሜራው አንድ፣ ደቂቃውም አንድ ነበር፤ የጎደለው መዘውሩን ያዞሩት ሁለት እጆች ብቻ ናቸው። በማግሥቱ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ከፊት ወንበር ተቀመጠና ከመጀመሪያው እንዳሳየው ለመነኝ። መኪናው ከሕንፃው ኋላ በተሰወረ ጊዜ፣ ዞሮ የሚወጣበትን ማዕዘን ለማየት ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ።